ወርቃማው ፑንታ ለምን ቶሎ ተቃጠለ? ስለ መቁረጫ መሣሪያ ሽፋን የተሰጠ ምላሽ

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጠያቂያችን ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አላቸው። አንድ አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን)፣ አንድ ቋሚ ትራፓኖና በእጅ የሚያዝ ትራፓኖ አላቸው። የወፍጮ ዘንግ ይጠግናሉ፣ የባጃጅ ቦኮላ ያወጣሉ፣ ለሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን የስቴንለስ ላሜራ ይበሳሉ። «ዕድሜው አምስት እጥፍ ነው» ተብለው ወርቃማ ፑንታ (የመብሻ ብረት) ገዙ፤ የመኪና ባሌስትራ ሲበሱበት ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ጫፉ ጠቁሮ ቀረ። ቶርኖው ላይ የሞከሯቸው ባለ ሽፋን ኢንሰርቶች (ቢላው ጫፍ ላይ የሚታሰሩ ተቀያሪ ስለቶች) ደግሞ ገና ሳይበሉ ጫፋቸው እየተሸራረፈ አስቸገራቸው። «ሽፋኑ እውነት ዕድሜ ይጨምራል ወይስ ቀለም ነው? ገንዘቤን የቱ ላይ ላውለው?» ይላሉ።

ሽፋኑ እውነት ነው። ትክክለኛ ወርቃማ ሽፋን ያለው የኤችኤስኤስ (ሙቀት የሚችል የመቁረጫ ብረት) ፑንታ በልኩ ፍጥነት ተራ ብረት ሲበሳ ሽፋን ከሌለው አቻው ከ2 እስከ 5 እጥፍ ቢቆይ የሚጠበቅ ነው። ግን ሽፋን የሚከላከለው ከመፋቅ፣ ከመለጠፍና እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ከሙቀት ነው። ከመሰበር አያድንም። ከሥሩ ያለው ብረት ሲለሰልስም ደግፎ ሊያቆመው አይችልም። እንደገለጹት ከሆነ ፑንታዎ የሞተው በሙቀት፣ ኢንሰርትዎ ደግሞ በመሰበር ነው፤ ሁለቱም ሽፋኑ ሊያግዝ የማይችልባቸው አሟሟቶች ናቸው። ስለዚህ ሌላ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት የሞተውን ስለት አገላብጦ ማየት ይቀድማል። 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ሌንስ ከአንድ ጥሩ ፑንታ የበለጠ ገንዘብ ያድንልዎታል።

መጀመሪያ ሽፋኑ ምን እንደሆነ እንይ። ፑንታ ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን ያስታውሱ። ወርቃማው ታይቴኒየም ናይትራይድ ይባላል፤ ጥንካሬው ወደ 2300 ቪከርስ (የጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ሲበዛ ይጠነክራል) ነው። ከሥሩ ያለው ኤችኤስኤስ ጠንክሮ ሲወጣ ከ800 እስከ 900 ቪከርስ ይደርሳል። ችግሩ የምንቆርጠው ብረት ራሱ በውስጡ ከዚህ የጠነከሩ ቅንጣቶች መያዙ ነው። ብረት ውስጥ ያለው የብረት ካርባይድ ወደ 1000 ቪከርስ ይጠጋል፤ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ ካስት አይረን ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው አሸዋም ወደ 1100 ነው። እነዚህ ኤችኤስኤሱን ይፍቁታል፣ ወርቃማውን ሽፋን ግን አይችሉትም። ሁለተኛው ጥቅም መለጠፍን መቀነሱ ነው። ትኩስ ፍቅፋቂ (ከሥራው የሚላጠው የብረት ቅርፊት) በግፊት ባዶ ብረት ላይ ሲንሸራተት ይበየዳል፤ ሲነቀል ደግሞ የስለቱን ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። ሽፋኑ ላይ ግን ለመበየድ ይቸግረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። ሽፋኑ 3 ማይክሮን ከሆነ ወዲያው ተበልቶ አያልቅም ወይ? በስለቱ መስመር ላይ በርግጥም ወዲያው ያልቃል። ስለቱ ከሥር 10 ዲግሪ ማፈግፈጊያ (ከሚቆረጠው ብረት የሚርቅበት ዘንበል) ካለው፣ የተበላው ቀበቶ ስፋት 0.02 ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ሽፋኑ ተበስቶ ሥሩ ያለው ብረት ይታያል። ስለት «ሞተ» የምንለው ግን ቀበቶው 0.3 ሚሊሜትር ሲሰፋ ነው። በዚያ ጊዜ ከስለቱ የተበላው ጥልቀት ወደ 50 ማይክሮን ይደርሳል፤ ይህ የሽፋኑ ውፍረት 15 እጥፍ ያህል ነው። ታዲያ ሽፋኑ ከተበሳ በኋላ የሚሠራው እንዴት ነው? ከላይ፣ ፍቅፋቂው በሚንሸራተትበት ፊት ላይ የቀረው ሽፋን ጉድጓድ እንዳይቆፈር ይከለክላል። ከሥር ያለው ደግሞ የተበላውን ቀበቶ ከዳር ይዞ እንዳይሰፋ ያዘገየዋል። ዕድሜው የሚረዝመው በዚህ ነው። በሌንስ ሲያዩ ወርቃማው ፊት ላይ፣ ልክ ከስለቱ ሥር፣ ቀጥ ያለች ብርማ ቀበቶ ካዩ ሽፋኑ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው፤ ያ ጤናማ አበላል ነው።

አሁን ወደ ተቃጠለው ፑንታ እንመለስ። ኤችኤስኤስ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከተጠነከረ በኋላ ወደ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደጋግሞ በማሞቅ ነው። ጫፉ 600 ዲግሪ አልፎ ከቆየ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝም ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ወርቃማው ሽፋን ራሱ ከ550 እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ከአየር ኦክስጅን ጋር መዋሐድ ይጀምራል። ሥሩ ሲለሰልስ ሽፋኑ ጭቃ ላይ የተነጠፈ መስታወት ይሆናል፤ ጠንካራ ቢሆንም ተሰነጣጥቆ ይሰምጣል። የፑንታው ውጫዊ ማዕዘን ክብ ሆኖ፣ ሰማያዊና ጥቁር መስሎ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ማዕዘኑ ቀድሞ የሚሞተው ከመሐሉ ይልቅ በፍጥነት የሚዞረው እሱ ስለሆነ ነው።

ፍጥነቱን እናስላ። የመቁረጥ ፍጥነት በሜትር በደቂቃ ማለት 3.14 ሲባዛ ዲያሜትር በሚሊሜትር ሲባዛ የደቂቃ ዙር፣ ለ1000 ሲካፈል ነው። በእጅ የሚያዝ ትራፓኖ 2800 ዙር ላይ 10 ሚሊሜትር ፑንታ ቢይዝ 88 ሜትር በደቂቃ ይሆናል። ሽፋን ለሌለው የኤችኤስኤስ ፑንታ ተራ ብረት ላይ ልኩ ከ25 እስከ 30 ነው፤ ወርቃማ ሽፋን ሲኖር ከ30 እስከ 40 ሊደርስ ይችላል። ስቴንለስ ላይ ከ10 እስከ 12 ነው። ስለዚህ በእጅ ትራፓኖ ሙሉ ዙር ስቴንለስ የሚበሳ ሰው ከልኩ ሰባት እጥፍ በላይ እየነዳ ነው፤ የትኛውም ሽፋን ይህን አይችልም። በቋሚው ትራፓኖ ላይ ለ10 ሚሊሜትር ፑንታ፣ ተራ ብረት ከ800 እስከ 950 ዙር፣ ስቴንለስ ከ320 እስከ 380 ዙር ይስጡት። የማሽንዎ ቺንጋ ዝቅተኛው ደረጃ 500 ከሆነና ከዚያ በታች ካልወረደ፣ 10 ሚሊሜትር ፑንታ ለስቴንለስ አይሆንም ማለት ነው፤ ፑሊውን ያስቀይሩ ወይም ሥራውን በቶርኖው ማንድሪኖ ይሥሩት።

ፍጥነቱ ላይ እንዲህ የምጫነው በምክንያት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ1907 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመሣሪያ ዕድሜ ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ፍጥነት ትንሽ ሲጨምር ዕድሜ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ለኤችኤስኤስ ፍጥነትን በ20 ከመቶ ማሳደግ ዕድሜን ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ያወርዳል። ለካርባይድ (ኢንሰርት ለሚሠራበት ተንግስተን ካርባይድ) ያው 20 ከመቶ ዕድሜን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ለሽፋን ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ያገኙትን ትርፍ አንድ የቺንጋ ደረጃ ስህተት ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ሽፋን የሚሰጥዎትን ትርፍ በሁለት መንገድ መውሰድ ይቻላል፤ በዚያው ፍጥነት ብዙ ቀዳዳ መብሳት፣ ወይም በትንሹ ፈጠን ብሎ ያንኑ ያህል ቀዳዳ መብሳት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መፈለግ ግን መሣሪያ ይፈጃል።

የባሌስትራው ጉዳይ ግን ከፍጥነትም በላይ ነው። ባሌስትራ ተጠንክሮ የተዘጋጀ የስፕሪንግ ብረት ነው፤ ጥንካሬው ብዙውን ጊዜ ከ40 ሮክዌል ሲ (ሌላ የጥንካሬ መለኪያ) በላይ ነው። ተራ ኤችኤስኤስ ወርቃማ ሆነም አልሆነ ለዚህ አልተሠራም። ባሌስትራው ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ ማለስለስ አይቻልም፤ 8 ከመቶ ኮባልት ያለው፣ ጫፉ 135 ዲግሪ የሆነ ፑንታ ይግዙና በ8 ወይም 10 ሜትር በደቂቃ ይንዱት። ለ10 ሚሊሜትር ይህ ከ255 እስከ 320 ዙር ነው። ብረቱን በሞርሳ አጥብቀው፣ ዘይት እየሰጡ፣ ሳያቋርጡ ይጫኑት። ቀስ ብሎ መዳሰስ የባሰ ነው፤ ስለቱ ሳይቆርጥ ሲያሽ የሚፈጠረው ሙቀት ሁሉ ወደ ፑንታው ይገባል። ባሌስትራውን ለሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ለመቆፈሪያ ወይም ለማረሻ ጫፍ ከሆነ የሚፈልጉት ደግሞ መጀመሪያ ያለስልሱት። ቀዩ ደማቅ እስኪሆን፣ ከ750 እስከ 800 ዲግሪ ድረስ አሙቀው ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብረው ያሳድሩት። በማግስቱ ተራ ፑንታ ይበሳዋል። ከአሮጌ መኪና የወጣ አክስልም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ የላይኛው ጥቂት ሚሊሜትር በኢንዳክሽን ተጠንክሮ 55 ሮክዌል ሲ ሊያልፍ ይችላል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ፋይል አስነክተው ይሞክሩት፤ ካልያዘውና እንደ መስታወት ካንሸራተተው ለኤችኤስኤስ አይሆንም።

የሽፋን ዓይነት ምርጫ ላይ ሻጮች ብዙ ያወራሉ፤ ለእርስዎ ወርክሾፕ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ወርቃማው ለአጠቃላይ ሥራ ይበቃል። ሰማያዊ ግራጫ የሚመስለው ታይቴኒየም ካርቦናይትራይድ ወደ 3000 ቪከርስ ይጠጋል፣ ሰበቃውም ያነሰ ነው፤ ሙቀት ግን ብዙም አይችልም፣ ከ400 ዲግሪ ብዙ ሳያልፍ ይዳከማል። ስለዚህ ዘይት እየተሰጠው በቀስታ ለሚሠራ ማስኪዮ (የብሎን ጥርስ ማውጫ) በጣም ጥሩ ነው። ጥቁር ሐምራዊ የሚመስለው ታይቴኒየም አሉሚኒየም ናይትራይድ ከ3000 ቪከርስ በላይ ሆኖ ከ800 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ይችላል። ምስጢሩ ሲግል ከውስጡ ያለው አሉሚኒየም ላዩ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን መሥራቱ ነው፤ ያ ደግሞ ኦክስጅንን ይዘጋል፣ ሙቀቱም ወደ ፍቅፋቂው እንዲሄድ ይገፋል። ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ የሚሆነው ስለቱ ሲግል ነው። በ25 ሜትር በደቂቃ የሚነዳ የኤችኤስኤስ ፑንታ ላይ ያ ሙቀት የለም፣ ቢኖርም ፑንታው ራሱ ቀድሞ ይለሰልሳል። ስለዚህ ለዝግ ያለ ፑንታ ጥቁር ሐምራዊውን በውድ ዋጋ አይግዙ፤ ቦታው የካርባይድ መሣሪያ ነው።

አሉሚኒየም ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። አሉሚኒየም በውስጡ አሉሚኒየም ያለበትን ሽፋን ይወዳል፤ ተለጥፎ ጥርሱን ይሞላዋል። ለአሉሚኒየም፣ ለመዳብና ለነሐስ ሽፋን የሌለው፣ ፊቱ የተወለወለ፣ ስለቱ ሹል የሆነ መሣሪያ ከየትኛውም ርካሽ ሽፋን ይሻላል። አልማዝ የተቀባ ቢያጋጥምዎ ለብረት አይንኩት፤ ሲግል የአልማዙ ካርቦን ወደ ብረቱ ይሟሟል። ጥቁሩ ተራ ፑንታ ደግሞ ጠንካራ ሽፋን አይደለም፤ በእንፋሎት የተሠራ የብረት ኦክሳይድ ነው። ዘይት ይይዛል፣ መለጠፍ በመጠኑ ይቀንሳል፣ ዝገትም ያዘገያል። በዋጋውም ሐቀኛ ዕቃ ነው፤ ሐሰተኛ ወርቃማ ከመግዛት ጥቁሩን እመርጣለሁ።

ሐሰተኛውን የመለየት ዘዴ አለ። ቁጥር 600 ብርጭቆ ወረቀት ወስደው የፑንታውን ጠርዝ 10 ጊዜ ያህል ይሹት። በሙቀት የመጣ የኦክሳይድ ቀለም ወይም ላኬር ከሆነ ወዲያው ለቆ ነጭ ብረት ያሳያል። እውነተኛው ታይቴኒየም ናይትራይድ ያብለጨልጫል እንጂ አይለቅም። ቀጥሎ ሥሩን ይፈትኑ። የፑንታውን የኋላ ጫፍ ሞላ ላይ ቢያስነኩት፣ ኤችኤስኤስ አጭር፣ ደብዛዛ፣ ቀላ ያለ ብርቱካናማ ብልጭታ ይሰጣል። ተራ የካርቦን ብረት ግን ደማቅና እንደ ኮከብ የሚፈነዳ ብልጭታ ያወጣል። አንዳንድ ፑንታ የኋላው ዘንግ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት ስለሚሠራ፣ ብልጭታው አጠራጣሪ ከሆነ ጠመዝማዛው ላይ ትንሽ ያስነኩ። እውነተኛ ሽፋን በካርቦን ብረት ላይ መቀባት ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም፤ ሥሩ 200 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራልና።

አሁን ወደ ኢንሰርቱ። ሽፋን በሁለት መንገድ ይቀባል፣ ልዩነታቸውም የእርስዎን ችግር ያስረዳል። አንደኛው ሲቪዲ ነው፤ ከ900 እስከ 1050 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ከጋዝ ይፈጠራል፣ ውፍረቱም ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ይሆናል። ባለ ሽፋን ካርባይድ በ1969 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ወፍራም ስለሆነ ሙቀትና ፍቀት ይችላል። ነገር ግን ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ ከካርባይዱ የበለጠ ስለሚኮማተር በውጥረት ይቀራል፣ ጥቃቅን ስንጥቆችም ይኖሩታል። ስለቱ ላይ እንዳይላጥም ፋብሪካው ሹሉን ጥቂት ያደበዝዘዋል። ሁለተኛው ፒቪዲ ነው፤ በቫክዩም ውስጥ ከ500 ዲግሪ በታች ይቀባል፣ ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ብቻ ነው፣ በመጨመቅ ይቀመጣል። መጨመቁ ስንጥቅ እንዳይከፈት ያግዛል፣ ስለቱም ሹል ሆኖ ይቀራል። ኤችኤስኤስ የሚሸፈነው በዚህኛው ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው፤ በሲቪዲ ሙቀት ፑንታው ጥንካሬውን ያጣ ነበር።

አሮጌ ቶርኖ ላይ ሁልጊዜ የሚገዛው ሲኤንኤምጂ 120408 የሚባለው ባለ ወፍራም ሽፋን ኢንሰርት ነው፤ በየቦታው ስለሚገኝ። ይህ ኢንሰርት ብረት ላይ ከ150 እስከ 250 ሜትር በደቂቃ፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ፊድ (ቢላው በአንድ ዙር የሚጓዘው) ይፈልጋል። የወፍጮ ዘንግዎ 25 ሚሊሜትር ከሆነና ቶርኖዎ ከ1200 ዙር ካላለፈ የሚያገኙት 94 ሜትር ብቻ ነው። ወደ 50 እና 60 ሲወርድ ደግሞ ፍቅፋቂው ስለቱ ላይ ይለጠፋል፤ ልጥፉ ሲነቀል ሽፋኑን ከነካርባይዱ ገንጥሎ ይወስዳል። «ሳይበላ ተሸረፈ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ኃይሉንም ያስሉት። በ150 ሜትር፣ በ2 ሚሊሜትር ጥልቀትና በ0.25 ፊድ መካከለኛ ካርቦን ብረት መቁረጥ ስፒንድሉ ላይ 2.75 ኪሎዋት ገደማ ይጠይቃል። ሞተርዎ 3 ኪሎዋት ከሆነ የቺንጋና የጥርስ ብክነት ተጨምሮ አይበቃም። ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ የሞተር ጉልበት በካሬው ይወርዳል፤ 10 ከመቶ የቮልቴጅ መውደቅ ጉልበቱን ወደ 81 ከመቶ ያወርደዋል። ማታ መብራቱ ሲደበዝዝ ኢንሰርት የሚሰበረው በአጋጣሚ አይደለም።

ስለዚህ ከ40 ሚሊሜትር በታች ለሆነ ዘንግ ሲሲኤምቲ 09ቲ304 ወይም ዲሲኤምቲ 11ቲ304 ይግዙ፤ በፒቪዲ የተቀባ፣ ጥቁር ሐምራዊ። ከ80 እስከ 120 ሜትር፣ ፊድ ከ0.1 እስከ 0.18፣ ጥልቀት ከ0.5 እስከ 1.5 ይሥሩበት። ከ0.3 በታች ጥልቀት አይስጡት፤ የጫፉ ክብነት 0.4 ስለሆነ መቁረጡን ትቶ ያሻል። ከ60 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ሥራ ሲኤንኤምጂው በወፍራም ሽፋኑ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቀለም ይመልከቱ፦ ሰማያዊ ለብረት፣ ቢጫ ለስቴንለስ፣ ቀይ ለካስት አይረን፣ አረንጓዴ ለአሉሚኒየምና መሰሎቹ ነው። ከቀለሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲያንስ ጠንካራና ተሰባሪ፣ ሲበዛ ለስለስ ያለና መመታት የሚችል ነው። ለአሮጌ ማሽን 15 አይግዙ፤ 25 ወይም 35 ይሁን።

በብየዳ ተሞልቶ የሚታረም ዘንግ ላይ ብቻውን አንድ ገጽ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ የወፍጮ ዘንግ ሥራ ሁሉ እሱ ነውና። የብየዳው ቆዳ እኩል አይደለም፣ ስላግ (የብየዳ ቅርፊት) አለበት፣ በየዙሩ ስለቱን ይመታዋል። ከተበየደ በኋላ ወዲያው ቀዝቅዞ ከሆነ ጠንካራ ነጥቦችም ይኖሩታል። ዘንጉን ከብየዳ በኋላ አመድ ውስጥ አሳድሩት፤ ውኃ አያስነኩት። የመጀመሪያውን ምልልስ በ35 ኢንሰርት፣ በ60 ወይም 70 ሜትር፣ 1.5 ወይም 2 ሚሊሜትር አስገብተው ከቆዳው በታች ይሥሩ። ብዙ ሰው ኢንሰርቱን ለማዳን 0.3 እያለ ቆዳውን ይዳስሰዋል፤ ስለቱ ያለማቋረጥ ስላግና ጠንካራ ቅርፊት ላይ ስለሚሄድ ያ ነው የሚገድለው። ከዚያም ቆዳው ሲነሳ ወደ 25ቱ ይቀይሩና ይጨርሱ። ቢላው ከመያዣው የሚወጣው ርዝመት ከቢላው ቁመት 1.5 እጥፍ አይበልጥ፤ ለ20 ሚሊሜትር ቢላ 30 ሚሊሜትር። ኢንሰርቱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ጠርገው ይግጠሙ፤ ከሥሩ አንድ ትንሽ ፍቅፋቂ ከቀረች ኢንሰርቱ ተንጠልጥሎ ይሰነጠቃል።

መብራት በሥራ መሐል ሲጠፋ የመጀመሪያው ነገር ማብሪያውን መዝጋት ነው፣ ድንገት ተመልሶ እንዳይነሳ። ቀጥሎ ፊዱን አላቅቁ፣ ቢላውን ወደ መጣበት አቅጣጫ ቀስ አድርገው ያስወጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ውጭ ይሳቡ። ብረቱ ውስጥ እንደተቀበረ ሞተር ማስነሳት ካርባይድን በአንድ ምት ይገነጥላል።

ማቀዝቀዣው ላይ ኤችኤስኤስና ካርባይድ አንድ አይደሉም። ፑንታ ላይ በውኃ የተቀየጠ የመቁረጫ ዘይት ከ5 እስከ 8 ከመቶ፣ ለስቴንለስ እስከ 10 ከመቶ ያለማቋረጥ ይስጡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ይተዉት። በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ጭሱም ሆነ ቆዳ ላይ መቆየቱ ለካንሰር ያጋልጣል። ካርባይድ ኢንሰርት ላይ በብሩሽ ጠብ ጠብ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው። ስለቱ ሲግልና ድንገት ሲቀዘቅዝ ስለቱን የሚያቋርጡ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን የተደረደሩ ስንጥቆች ይወጡበታል። ወይ ያለማቋረጥ በቧንቧ ያፍስሱበት፣ ወይ ጨርሶ ደረቅ ይሥሩ። የፍቅፋቂው ቀለም ምልክት ነው፤ በፑንታ ሲሠሩ ነጭ ወይም ገለባ መሰል መሆን አለበት፣ ሰማያዊ ከሆነ ፍጥነት ይቀንሱ። በካርባይድ ግን ሰማያዊ ፍቅፋቂ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ከስለቱ ወጥቶ በእሱ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ፑንታ ሲሳል ሽፋኑ ይጠፋል የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ሞላው የሚያነሳው ጫፉ ላይ ያለውን ፊት ነው፤ ፍቅፋቂው የሚወጣበት ጠመዝማዛና ቀዳዳውን የሚያሸው ጠርዝ ግን እንደተሸፈኑ ይቀራሉ። ስለዚህ የተሳለ ወርቃማ ፑንታ ከአዲሱ ያንሳል፣ ከተራው ግን ይሻላል። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ማዕዘኑ ተበልቶ ከሆነ ጠርዙ ሙሉ ስፋቱን እስኪያገኝ ድረስ ወደ ኋላ ይሳሉት። ስለቱ ሹል ሲሆን ብቻ አይቁሙ፤ የሳሳው ጠርዝ ቀዳዳው ውስጥ ይነክስና ፑንታው ይሰበራል። ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ይሁኑ፣ ማፈግፈጊያው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ። ሲስሉ ቀልቶ የጋለ ኤችኤስኤስ ውኃ ውስጥ አይንከሩ፤ በሌንስ እንኳ የማይታይ ስንጥቅ ያተርፋል። ቀለል አድርገው እያስነኩ ቶሎ ቶሎ ይንከሩ እንጂ እስኪቀላ አያድርሱት። ኢንሰርት ግን አይሳልም፤ በነሐስ የተበየደ የካርባይድ ቢላ ሲሆን ብቻ በአረንጓዴው ሞላ ወይም በአልማዝ ይሳላል።

ገንዘቡን እንዲህ ያውሉት። መጀመሪያ ሌንስ። ከዚያ ለዕለት ሥራ ከ4 እስከ 12 ሚሊሜትር ያሉ ጥሩ ወርቃማ ፑንታዎች፣ ለባሌስትራና ለስቴንለስ ደግሞ 6፣ 8 እና 10 ሚሊሜትር ባለ 8 ከመቶ ኮባልት። ለማስኪዮ ሰማያዊ ግራጫው። ለቶርኖ አንድ ሳጥን ፒቪዲ፣ አንድ ሳጥን ወፍራሙ። ፑንታዎቹን አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አያጨናንቁ፤ እርስ በርስ ሲጋጩ ስለቱ ላይ ያለው ሽፋን በቁራጭ ይነሳል።

ሙሉ ሳጥን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ባለ ሽፋንና አንድ ሽፋን የሌለው ይግዙና ይፈትኑ። አንድ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተራ ብረት ሰሌዳ ይያዙ፤ 10 ሚሊሜትር ፑንታ፣ 850 ዙር፣ ፊድ 0.2፣ ያው ዘይት። ከሽፋኑ ጋር 20 ቀዳዳ፣ ያለ ሽፋኑም 20 ቀዳዳ ይብሱ፤ በየ5 ቀዳዳው ማዕዘኑን በሌንስ ይዩ። ወርቃማው ከ20 በኋላ ቀጥ ያለች ቀጭን ብርማ ቀበቶ ብቻ ካሳየ፣ ሌላው ግን ማዕዘኑ ክብ መሆን ከጀመረ፣ ያንን ምርት ይግዙ። ወርቁ በቅርፊት ተላጦ ንጹሕ ብረት ከታየ ሽፋኑ በደንብ አልያዘም፤ ፊቱ ሳይጸዳ ነው የተቀባው፣ ሳጥኑን አይግዙ። ሁለቱም እኩል ከጠቆሩ ፍጥነቱን እንደገና ይለኩ፤ ፑሊው ላይ የተጻፈው ዙርና ስፒንድሉ ላይ ያለው እውነተኛ ዙር የተለያዩበት አሮጌ ማሽን ብዙ ነው።